ከእምዬ የተላከ ድርቆሽ

መርዶዬን የሰማሁት ጉርሻ አፌ ውስጥ እንዳለ ነው።

ቅዳሜ ማለዳ ነበር፣ ጅማ። ባለቤቴ አበራ ሥራው እዚያ ስለሆነ ከአገራችን ከጎንደር ርቀን መኖር ከጀመርን ቆይተናል። የመጀመሪያ ልጃችን ምሕረት በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ተነሥታ ገና ሳምንት አልሞላትም። ድርቆሽ በቅቤ ፈትፍቼ ቁርሴን እበላለሁ። ድርቆሹን በሰው የላከችልኝ ጎንደር ፀዳ የምትኖረው ታላቅ እህቴ የሺ ናት። ስትልከው በስልክ «ከእምዬ ነው፤ ብዪው፣ ያጠነክርሻል» ብላኝ ነበር። እምዬ የምንላት እናታችንን ነው። የምትኖረውም ድብ ባሕር ላይ ከመኪና ተወርዶ ብዙ በእግር በሚኬድበት፣ በተወለድንበት ገጠር ነው።

በሩ ተንኳኳ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፤ ከኋላዋ የዕድራችን ሰዎች፣ ከእነሱም ጋር አንድ ቄስ። ነጠላውን ያዘቀዘቀ ሰው በማለዳ ከመጣ ምን ይዞ እንደመጣ የማያውቅ የለም። እትዬ ዘነበች ሰሃኔን አየችና ወደ አበራ ዞር ብላ፣ «እህል ሳትቀምስ እንድረስ ብዬ ነበር፤ ዝናቡ አሰናከለን» አለችው።

ያን ጊዜ ገባኝ። አበራ ያውቃል። ሁሉም ያውቃሉ።

እምዬ የሞተችው እኔ በወለድኩ በሳምንቱ ነበር። ተቀብራለች። ተዝካሯ ወጥቷል። ያላወቅሁት እኔ ብቻ ነኝ።

አላለቀስኩም። ጉርሻው አፌ ውስጥ ቀረ። ልውጠው ሞከርኩ፤ እምቢ አለኝ። ልተፋው ቄሱን አፈርኩ። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ሲያለቅሱ እኔ አፌን ዘግቼ ተቀመጥኩ። የሕመሜ የመጀመሪያ ምልክት ይሄ ነው። ያን ቀን ግን ምልክት መሆኑን ማንም አላወቀም፤ «ደንግጣ ነው» ተባለ።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ ሐዘን በሰውነቱ ውስጥ ለተቀረቀረበት ሰው ነው፤ እንደዚህ ያለ ሰው ቤቱ ላለበትም። ስለዚህ ልማዳችንን አስቀድሜ ልናገር። በእኛ ዘንድ አራስ መርዶ አይነገራትም፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ብርድ ይመታታል ይባላል። ሩቅ ያለም ሰው መርዶውን በስልክ አይረዳም፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደግፎ ይዞት ነው የሚረዳው። የዘመዶቼ ምክር ክርስትናው እስኪያልፍ እንዲደበቅብኝ ነበር። በክፋት አልነበረም፤ ከፍቅር ነበር። ግን ያ ፍቅር ሊገድለኝ ደርሶ ነበር።

እምዬ እሑድ ከቅዳሴ መልስ የጎረቤታችንን የአያ አዳነን ሞባይል ይዛ፣ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ነበር የምታነጋግረኝ። ከወለድኩ በኋላ ድምጿ ጠፋ። የሺን ስጠይቃት አንድ እሑድ «ኔትወርኩ ተበላሽቷል» ትለኛለች፤ ሌላ እሑድ «ጸበል ወርዳለች»። አንድ ጊዜ ደግሞ «ጉሮሮዋን አሟት ድምጿ ተዘግቷል» አለችኝ። እኔም ማር በሎሚ እንድትጠጣ ንገሪያት አልኩ። «እሺ፣ እላታለሁ» አለችኝ። እህቴ ለሞተች እናታችን የጉሮሮ መድኃኒት ተቀበለችኝ።

ከመርዶው በኋላ እህል በጉሮሮዬ አልወርድ አለ። ውኃና ቀጭን አጥሚት ብቻ ነው የሚያልፈው። እንቅልፍ ጠፋ። ዘመዶቼ ይደርቃል ብለው የፈሩለት ወተቴ ደረቀ። ሐኪም ቤት ሄድን፤ ጉሮሮዬን በባትሪ አዩ፣ የታይሮይድ ምርመራ አዘዙ፣ ቀጥሎም በቀጭን ቱቦ ካሜራ አስገብተው የሚያዩበትን ኢንዶስኮፒ አደረጉልኝ። ሐኪሙ ውጤቱን አይቶ «ጉሮሮሽ ንጹሕ ነው፤ ምንም የለብሽም» አለኝ። ለሌላ ሰው ምሥራች በሆነ። እኔ ግን የምሞተው ስም በሌለው በሽታ ነው ብዬ ተመለስኩ።

ውዳሴ ማርያም መድገሜን አልተውኩም። አፌ ይላል፤ እኔ ግን የለሁም። እግዚአብሔር ፊቱን አዞረብኝ ብዬ ደመደምኩ፤ ምክንያቱንም ፈለግሁና አገኘሁት። እናቴ ስትቀበር እኔ ገንፎ እበላ ነበር። እናቷን ስትረሳ ከኖረች ልጅ ፊቱን ቢያዞር ምን ይፈረድበታል አልኩ።

ከዚያ የባሰው መጣ። ምሕረት ስታለቅስ እሰማለሁ። አልነሣም። አበራ አንሥቶ ይሰጠኛል። እይዛታለሁ። የሌላ ሰው ልጅ እንደያዝኩ ሆኖ ይሰማኛል። ይህች ልጅ እኔ ባልኖር ይሻላታል የሚል ሐሳብ መጣ። መጥቶ አልሄደም። ለማንም አልተናገርኩም።

አበራ ፈቃድ ወስዶ ወደ ጎንደር ይዞኝ ወጣ፤ በአውቶቡስ ሁለት ቀን። የሺ ፀዳ መናኸሪያ ላይ ስታየኝ ቀድማ ያነሣችው ሕፃኗን ነው፣ ቀጥሎ እኔን በአንድ እጇ ደገፈችኝ። ሊያስቃት የሚችል ነገር ሲገጥማት ካልቀለደች የማትኖር ሴት ናት፤ ሊያስለቅሳት ሲደርስ ደግሞ ይብስባታል። «አንቺ ልጅ፣ ነፋስ ከተነሣ እኮ ከፋሲል ግንብ ጫፍ ላይ ነው የምንለቅምሽ» አለችኝ። ማንም አልሳቀም።

ጸበል ተጠመቅሁ። ስጠመቅ እፎይ እላለሁ፤ ቤት ስመለስ ያው ነው። በመጨረሻ ሆስፒታል ሄድን። ሐኪሙ ጉሮሮዬን ሳያይ ስለ እንቅልፌና ስለ ልጄ ጠየቀኝ። አለመተኛቴን፣ ልጄ ስታለቅስም አለመነሣቴን ነገርኩት። «ይህ ዲፕሬሽን ይባላል፣ ድባቴ የሚሉት» አለኝ። «ከወሊድ በኋላ ብዙ እናቶችን ይይዛል፤ ባንቺ ላይ ሐዘን ተደርቦበታል። መድኃኒት እሰጥሻለሁ። ግን መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃሽም፤ የምታነጋግርሽ ባለሙያ አለች።»

የሺ ኮሪደሩ ላይ ቆማ በሹክሹክታ ተቆጣች። «የእብድ ክፍል? በእኛ ዘር እብድ የለም!» እኔም አፈርኩ። በሌላ ቀን ባጃጅ ተሳፍረን ፒያሳ ስንደርስ የምታውቀን ሴት ወዴት እንደምንሄድ ብትጠይቀን የሺ ቀድማኝ «ጥርሷን ነው» አለች። በሽታዬ እንኳን የሚደበቅ ሆነ።

ባለሙያዋ ሲስተር ዘሃራ ትባላለች። በንግድ የታወቁ የጎንደር እስላሞች ልጅ ናት። እኔ የመሪጌታ ልጅ ነኝ። ልቤን ለእሷ መክፈት ከኑዛዜ ሥርዓት መውጣት መሰለኝ፤ ከመግባቴ በፊት ወደ ንስሐ አባቴ ሄጄ ጠየቅኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፣ አነጋገራቸው አልደከመም።

«ልጄ፣ እግርሽ ቢሰበር ወጌሻውን ሃይማኖቱን ጠይቀሽው ነው ወይ የሚያሽሽ?»

«አይ፣ አባ።»

«ኑዛዜ ለኃጢአት ነው። ያንቺ ስብራት ነው። ሂጂ፤ ኃጢአት ሲኖርሽ ወደኔ ትመጫለሽ፣ አልጠፋም።»

የሲስተር ዘሃራ ክፍል ጠባብ ነው፤ ሁለት ወንበር አለ፣ በመካከል ጠረጴዛ የለም። መጀመሪያ የነገረችኝን ዛሬም ቃል በቃል ማለት ይቻለኛል፤ ይህን ለሚያነብ ሰው ስለሚጠቅም እጽፈዋለሁ። «ሃይማኖትሽን አልነካም፤ ጸበልሽንም ጸሎትሽንም አትተዪ። መድኃኒቱን አታቋርጪ፣ ቀጠሯችንን አትቅሪ። እዚህ የምትዪው እዚህ ይቀራል። አንድ ነገር ብቻ፤ አንቺ ወይም ልጅሽ አደጋ ላይ ናችሁ ብዬ ከፈራሁ ለቤተሰብ እናገራለሁ። ያንንም ቢሆን መጀመሪያ ላንቺ ነግሬ ነው።»

መጀመሪያ ላንቺ ነግሬ። በእነዚያ ወራት ሁሉ እንዲህ ያለኝ ሰው አልነበረም።

ቀጥላ ድምጿን ሳትቀይር ጠየቀችኝ። «መሞት አስበሽ ታውቂያለሽ?»

ጠበቀችኝ።

«አዎ» አልኩ።

ጣራው አልወደቀብኝም። «ይህማ ኃጢአት ነው» አላለችም፤ ኃጢአት መሆኑን እኔ አውቀዋለሁ፣ ማወቄ አላዳነኝም ነበር። እየቆየች ጠየቀችኝ፣ እየቆየሁ መለስኩ። ያን ዕለት እኔው እያለሁ የሺን አስጠርታ ነገረቻት። ብቻዬን እንዳልቀመጥ፣ መድኃኒቴ በየሺ እጅ እንዲሆን፣ ሐሳቡ ከበረታብኝ በየትኛውም ሰዓት ወደ ሆስፒታሉ እንድንመጣ ተስማማን። የሺ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ሰማች። ከዚያ በኋላ የእብድ ክፍል አላለችም።

ድኜ የወጣሁ የመሰለው ካለ ተሳስቷል። መድኃኒቱ አፌን አደረቀው፣ ሆዴን አቅለሸለሸው። ጥቅሙ እስኪታይ ሳምንታት እንደሚወስድ ተነግሮኝ ነበር፤ ቢሆንም «መርዝ ነው» ብዬ ልጥለው ስንት ጊዜ አሰብኩ። ከሲስተር ዘሃራ ምክር ጠበቅሁ። አልመጣም። እኛ ሐዘንተኛን «በቃ፣ ተጽናኚ፣ የማይሞት የለም» ነው የምንለው፤ እሷ አንድም ቀን በቃ አላለችኝም። ብዙ ቀን ዝም ብለን ተቀመጥን። ዝምታዋ ግን እንደ ዘመዶቼ ዝምታ የሚደብቀው ነገር አልነበረውም። ቤት ስሄድ የምትሰጠኝ ሥራ እንደ ሕፃን ሥራ ነበር፦ ጧት ከአልጋ መውረድ፣ ምሕረትን ይዤ ግቢው ውስጥ ፀሐይ መሞቅ፣ ከሰው ጋር አንድ ማንኪያ መቅመስ። አንዳንዱን አደርጋለሁ፤ አንዳንዱን አልችልም። ያልቻልኩትን ስነግራት አትገሥጸኝም፤ ምን ከበደሽ ብላ ትጠይቀኛለች እንጂ።

አንድ ቀን «እናትሽ እንዴት ሞተች?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ማንን ጠየቅሽ?»

«ማንንም።»

እውነቴን ነው። አልጠየቅሁም፤ የነገረኝም የለም። ቃሉን ስል ራሴ ደነገጥኩ። በአገራችን ለቅሶ የሚለቀሰው በባዶ አይደለም። አልቃሿ የሟችን ሥራ አንድ በአንድ ትጠራለች፣ ልብሱ ይነሣል፣ አሟሟቱ ይነገራል፤ ሰውም በሰማው ልክ ያለቅሳል። እኔ እጅ ላይ የነበረው «ሞተች» የሚል አንድ ቃል ነው። ሌላው ሁሉ ውሸት ነበር፤ ኔትወርክ፣ ጸበል፣ ጉሮሮ።

ሲስተር ዘሃራ «እህትሽ እዚህ ብትገባ ትፈቅጃለሽ?» አለችኝ። ፈቀድኩ።

የሺ በሚቀጥለው ቀጠሮ ገብታ በሦስተኛ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ምኑን ልንገራት? ቁስል መቀስቀስ ነው» አለች። ሲስተር ዘሃራ «እትዬ የሺ፣ የቻሉትን ያህል ብቻ» አለቻት። የሺ የእምዬን አሟሟት ትናገራለች ብዬ ስጠብቅ ሌላ ነገር ተናገረች።

«ድርቆሹ...» አለች።

«የቱ ድርቆሽ፣ እታለም?»

«የላክሁልሽ። የተዝካሯ እንጀራ ነው።»

ወደ እሷ ዞርኩ።

«እኔው ነኝ ያሰጣሁት። ድግሱ ሲነሣ የመጣው ሁሉ በልቶ፣ ነፍስ ይማር ብሎ ሄደ። አንቺ ብቻ ቀረሽ። የእናቷን ተዝካር ሳትቀምስ የምትቀር ልጅ አለች? እንዳልነግርሽ አራስ ነሽ። እንዳልተወው ልቤ እምቢ አለ። የተረፈውን ቆራርሼ ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። ከእምዬ ነው ያልኩሽ ያን እንኳ ውሸቴን አይደለም፤ ከእምዬ ነው።»

አለቀስኩ። በጉሮሮዬ የነበረው ወጣ። ድምፄ እስከ ኮሪደሩ ተሰማ። የሺ ከወንበሯ ወርዳ እግሬ ሥር ተቀመጠች። እሷም ያን ሁሉ ወር ደብቃ የያዘችውን አለቀሰች፤ ለካ እሷም ለቅሶዋን ሳትጨርስ ነው እኔን ስታታልል የኖረችው። ሲስተር ዘሃራ «ጊዜ አለን» ከማለት በቀር የተናገረችው የለም።

በዚያ ሳምንት የገንፎ ጉርሻ ዋጥኩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅምና ዝግ ያለ ጉዞ ነው፤ እንቅልፌ መጀመሪያ በመጠኑ፣ ኋላ እየሰፋ ተመለሰ፤ የምሕረትን ገላ ሳጥብ አንድ ጧት ጣቴን ጨብጣ ስትስቅልኝ የሌላ ሰው ልጅ ሳትሆን የኔ ልጅ እንደሆነች ታወቀኝ፤ የሺም በምግብ ጊዜ «ይኸው፣ ከግንቡ ጫፍ ወርደሽ ደረጃው ላይ ደርሰሻል» እያለች ትቀልድብኝ ጀመር፤ አሁን ግን እስቅላታለሁ። የሺ የምታውቀውንም በየቀጠሮው ነገረችኝ፦ እምዬን ድንገት ሆዷን ይዞ እንደጣላት፣ ያገሬው ጎልማሳ በቃሬዛ ተሸክሞ ወደ መኪና መንገዱ ሲወርድ መንገድ ላይ እንዳረፈች፣ እሷ ከጎንደር ስትደርስ እምዬ ተገንዛ እንደጠበቀቻት።

ስበረታ ወደ መንደራችን ወጣሁ፤ መቃብሯ ላይ አለቀስኩ፣ ፍትሐት አስደረግሁ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ የስልኩ ባለቤት አያ አዳነ ነበሩ። አንድ ነገር ጠየቅኋቸው። ምሕረት ስትወለድ አበራ የደወለው ወደ እሳቸው ስልክ ነበር፤ ኔትወርኩ ይቆራረጥ ስለነበር ወሬው መቼ መንደር እንደገባ እርግጠኛ የሆነ ሰው የለም። እምዬም ወዲያው ታመመች።

«አያ አዳነ፣ እምዬ መውለዴን ሰምታለች?»

«ምነው ልጄ! ሸጋ ሞት ነው የሞተችው። ሰምታለች፣ ሰምታለች» አሉኝና በሬዎቻቸውን መንዳት ጀመሩ።

መንገዱን ሁሉ ያን መልስ ሳዳምጥ ወረድኩ። ፈጣን ነው። ደግ ነው። «ጸበል ወርዳለች» ይለኝ የነበረው ያው ድምፅ ነው። ፀዳ ስደርስ ጉሮሮዬ እንደገና ተዘጋ፤ ለቀናት ምግብ አልወርድ አለኝ፣ የድሮው ጨለማ ተመለሰብኝ፣ ልፋቴ ሁሉ በከንቱ መሰለኝ። ሲስተር ዘሃራ «ከሕመም ማገገም እንደ አገራችሁ ዳገት ነው፤ ወጣሁ ስትዪ ሌላው ይታይሻል። ወደኋላ ግን አልወረድሽም» አለችኝ። ልክ ነበረች፤ ጊዜ ወስዶ ተከፈተ። መድኃኒቱን ያቆምኩት ከዚያ ብዙ ቆይቶ፣ በሐኪም ትእዛዝ፣ ቀስ በቀስ እየቀነስኩ ነው።

አሁን ጅማ ተመልሻለሁ። ከዚያ ድርቆሽ የተረፈ ነበር፤ አበራ ሳይጥለው በከረጢት አስቀምጦት አገኘሁት። በእምዬ ስም ጸልዬ፣ ለምሕረትም በትንሹ አቅምሼ፣ በላሁት። በዚያን ማለዳ ያልጨረስኩት ተዝካር ነው ብዬ።

የዳንኩት በእግዚአብሔር ቸርነት ነው፤ ቸርነቱም በሰው እጅ መጣ። በመጠራጠሬ ላልተቀየመችኝ ለሲስተር ዘሃራ፣ ወጌሻ ዘንድ ለላኩኝ ለንስሐ አባቴ፣ ሕፃን ታቅፎ ሁለት ቀን ለተጓዘ ለአበራ፣ ለየሺም ምስጋናዬ አያልቅም። አንተ፣ አንቺ፣ መኖር ካስጠላሽ፣ ዛሬውኑ ለአንድ ሰው ንገሪ፤ ቅርብ ወዳለ ሐኪም ቤትም ሂጂ። ጸበልና ሆስፒታል አይጣሉም፤ የሚያጣላቸው ሰው ነው። የሚያነጋግርሽ ባለሙያ አስማተኛ አይደለም፣ በአንድ ቀን አያድንሽም፤ አንቺ ራስሽ ፈርተሽ ያልነካሽውን እስክትነኪው አብሮሽ ይቀመጣል፣ ምስጢርሽን ይጠብቃል፣ አይዋሽሽም። ቤተሰብ የሆናችሁ፣ ሰውየውን መሞት አስበህ ታውቃለህ ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እኔን የቀለለኝ ስጠየቅ ነው። አራስንም ሩቅ ያለንም ሰው ደግፋችሁ መርዶውን አርዱት፤ ግን አታቆዩበት። የደበቃችሁትም ካለ በኋላ ሁሉንም ንገሩት።

እናንተ እምዬን በቃሬዛ የተሸከማችኋት፣ አያ አዳነም ሌሎቻችሁም፣ ይህ ሲደርሳችሁ ፊደል በሚያውቅ ሰው አስነብቡት። ምሕረት መወለዷን ሰምታ እንደሆነ ንገሩኝ። ሰምታ ከሆነ ምን አለች? ሳትሰማ ሄዳ ከሆነም፣ ሳትሰማ ነው በሉኝ። ለኔ ብላችሁ አታሳምሩልኝ። የምትሉኝን፣ የቱንም ቢሆን፣ አሁን መዋጥ እችላለሁ።